ሽቶ የማያድነው ጠረን፦ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሽታን ከምንጩ ማጥፋት

የእናቴን ነጠላ ያጠብኩት ለከተራ እንድትለብሰው ነበር። ሳሙናውም ማለስለሻውም በደንብ ገብቷል። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ ሰጠኋት። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችውና ጫፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ልጄ፣ ይሄ ጨርቅ ጨርቅ ይሸታል» አለችኝ። ልክ ነበረች። ሲደርቅ ደህና ይመስላል፤ የሰውነት ሙቀት ሲነካው ግን ያ የሰነበተ እርጥብ ጨርቅ ጠረን ይነሳል።

ከዚያ በፊት ሁለት ወር ያህል ሽታውን በማለስለሻ ስሸፍነው ነበር። ለጥቂት ቀን ይጠፋል፣ ከዚያ ብሶ ይመለሳል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ማሽኑ ፊት ተቀምጬ የሚከፈተውን ሁሉ ከፈትኩ። ያየሁት ነገር ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። ሽታው የሚያድረው ውኃ በደንብ በማይደርስበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ በእጅ ይጠረጋል፣ ቀጥሎ በሙቀት ይታጠባል፣ በመጨረሻ እንዲደርቅ ይደረጋል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመሃል ነው፤ በረኪና ወይም አቸቶ ደፍቶ ባዶውን ያሽከረክረዋል። ፊልተሩ ውስጥ የበሰበሰ ነገር እያለ ይሄ ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ አሽትቱ

በሩን ከፍታችሁ በደንብ አሽትቱ። የሽታው ዓይነት ምንጩን ይናገራል።

የእርጥብ ጨርቅ ወይም የሻጋታ ሽታ ከሆነ ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ነው። የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ ይሄ የጽዳት ጉዳይ አይደለም። ቀበቶው ወይም ሞተሩ ሊሆን ስለሚችል ከሶኬት ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ።

የበሰበሰ እንቁላል ወይም የሽንት ቤት ሽታ ከሆነ ደግሞ ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት የፍሳሽ መስመሩን ጠርጥሩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙዎቻችን የማሽኑን ቱቦ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ ውስጥ ነው የምንከተው። ከዚያ የሚመጣው ሽታ በቱቦው በኩል ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ለማረጋገጥ ቱቦውን አውጡት፣ የፍሳሹን አፍ በላስቲክና በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑት፣ የማሽኑን በር ከፍታችሁ አንድ ቀን አናፍሱት። ሽታው ከቀነሰ ምንጩን አገኛችሁ ማለት ነው። መፍትሔው ታች አለ።

ለምን ይሸታል?

ከልብስ ላብ ይለቃል፣ የሰውነት ቅባት ይለቃል፣ ከወጥ ቤት ሽርጥ ዘይት ይለቃል። ቀዝቃዛ ውኃ ቅባትን በደንብ አያሟሟም። ቅባቱ ከተረፈ ሳሙናና ከማለስለሻ ጋር ተቀላቅሎ ከበሮው ጀርባ፣ ቱቦው ውስጥ፣ የጎማው እጥፋት ላይ ይለጠፋል። ስትነኩት ያሟልጫል፤ መልኩ አመድማ ነው። ባክቴሪያና ሻጋታ የሚኖሩት እዚህ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች የእርጥብ ጨርቅ ጠረን ያለበትን ልብስ መርምረው ዋነኛው አምራች ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ባክቴሪያ ድርቀትን ይቋቋማል። ደርቆ የማይሸት ልብስ ላብ ሲነካው እንደገና የሚሸተው ለዚህ ነው።

ማለስለሻም ነገሩን ያባብሰዋል። ማለስለሻ ራሱ ቅባትነት አለው፤ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስመግበው ነበር ማለት ነው።

እኛ ጋ ደግሞ የመብራት ጉዳይ አለ። ማሽኑ መሃል ላይ እያለ መብራት ይሄዳል። ልብሱ በሳሙና ውኃ እንደተዘፈዘፈ ያመሻል፣ አንዳንዴም ያድራል። ለባክቴሪያ ከዚህ የበለጠ ድግስ የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ጓንት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ሦስት አራት አሮጌ ጨርቅ፣ ፎጣ፣ ዝርግ ትሪ፣ የእጅ ባትሪ፣ በረኪና፣ እና ጥሩ ዱቄት ሳሙና። ዱቄቱን ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ለአውቶማቲክ ማሽን የተሠራ መሆኑን። ለእጅ የተሠራው ኦሞ አረፋው ብዙ ነው፤ ማሽን ውስጥ በደንብ አይለቀለቅም፣ ተርፎ ይጋገራል። ሁለተኛ፣ ፐርካርቦኔት ወይም የኦክስጅን ማንጫ ያለበት መሆኑን። ፈሳሽ ሳሙና ይሄ የለውም። ሁልጊዜ ፈሳሽ የሚጠቀም ቤት ማሽኑ ቶሎ የሚሸተው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን አንድ ነገር አደራ። በረኪናን ከአቸቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሲትሪክ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ መርዝ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው። ሁለቱንም መጠቀም ካለባችሁ በተለያየ ቀን፣ በመካከል ማሽኑን በንጹህ ውኃ ባዶውን አለቅልቃችሁ ይሁን።

አንድ፦ ፊልተሩ

ከዚህ ጀምሩ። እኔ ቤት ከነበረው ሽታ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከፊት የሚከፈት ማሽን ካላችሁ ታች በኩል፣ ብዙ ጊዜ በስተቀኝ፣ ትንሽ ክዳን አለች። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፤ የውኃውን ቧንቧ ዝጉ። በቅርብ በሙቅ ውኃ ካጠባችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከታች ፎጣ አንጥፉና ትሪውን አስጠጉ። ከፊልተሩ አጠገብ ቀጭን ቱቦ ካለ ሳቡት፣ ጫፉን ንቀሉና ውኃውን ወደ ትሪው አፍስሱ። ቱቦ ከሌለው ፊልተሩን ወደ ግራ ትንሽ ብቻ አላሉት። ትሪው ሲሞላ መልሳችሁ አጥብቁ፣ ድፉ፣ እንደገና አላሉ። በትዕግሥት ካልሆነ ቤቱ በውኃ ይጥለቀለቃል። የሚወጣው ውኃ ጥቁርና የሚገማ ከሆነ አትደንግጡ። የምትፈልጉት እሱን ነው።

ውኃው ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ አውጡት። ሳንቲም፣ የፀጉር ሽቦ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ታገኛላችሁ። ጋቢ በማሽን የምታጥቡ ከሆነ ደግሞ የጥጥ ብናኙ ተጠቅጥቆ ይጠብቃችኋል። ጋቢ ብዙ ብናኝ ይለቃል፤ ጋቢ ባጠባችሁ ቁጥር ፊልተሩን ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

ፊልተሩን በሙቅ ውኃና በብሩሽ እጠቡ። ከዚያ በባትሪ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ አብሩ። ከኋላ የምትታየው ትንሽ ማራገቢያ የፓምፑ ናት። ፀጉር ወይም ክር ተጠምጥሞባት ከሆነ ፈልቅቃችሁ አውጡ። በጣት ስትገፏት እየተንገጫገጨች ብትዞር ችግር የለም፤ ማግኔቱ ነው እንደዚያ የሚያደርጋት። የጉድጓዱን ግድግዳም በጨርቅ ጥረጉ። ፊልተሩን በደንብ አጥብቃችሁ መልሱ። ከበሮው ውስጥ አንድ ሊትር ውኃ ደፍታችሁ እንደማያፈስ ሳታረጋግጡ ክዳኑን አትዝጉ።

ሁለት፦ የበሩ ጎማ

ጎማውን በእጃችሁ ገልብጡ። ከታች ያለው እጥፋት ውስጥ ውኃ ተኝቶ ታገኛላችሁ፤ ፀጉር፣ ክር፣ አንዳንዴ የልጅ ካልሲም አይጠፋም። ዙሪያውን በሳሙና ውኃ እጠቡ። ታች በኩል ትንንሽ የማፍሰሻ ቀዳዳዎች ካሉ በብሩሹ ክፈቷቸው።

ጥቁር ነጠብጣብ የሆነው ሻጋታ በሳሙና ብቻ አይለቅም። በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንድ የቡና ሲኒ በረኪና ጨምሩ። በሙቅ ውኃ አታድርጉት፤ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ጭሱም ያፍናል። ጨርቅ ነክራችሁ እጥፋቱ ውስጥ ዙሪያውን አስገቡና 15 ደቂቃ ተዉት። መስኮት ክፈቱ። ከዚያ ጨርቁን አውጥታችሁ ጎማውን በንጹህ ውኃ ሁለት ጊዜ ጥረጉ፣ አድርቁ። ጥቁሩ ጎማው ውስጥ ድረስ ዘልቆ ከሆነ መልኩ ላይጠፋ ይችላል። ሽታው ከጠፋ ግን በቂ ነው። በየጊዜው በበረኪና ማሸት ጎማውን ያደርቀዋል።

ሦስት፦ የሳሙና መሳቢያው

መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳቡ። መሃል ላይ ያለችውን ምላስ ስትጫኑ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። የማለስለሻዋን ክፍል ክዳን ንቀሉ፤ ከሥሯ አተላ የመሰለ ነገር አይጠፋም። ሁሉንም በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ቦርሹት።

መሳቢያው የወጣበትን ጉድጓድ ጣሪያ ግን አትርሱ። ውኃው የሚረጨው ከዚያ ነው። በባትሪ ወደ ላይ አብርታችሁ እዩ፤ ብዙ ሰው ዓመታት ማሽን ተጠቅሞ እዚህ ጋ አይቶ አያውቅም። ጥቁር ከሆነ ውኃው ከበሮው ጋ ከመድረሱ በፊት በሻጋታ ውስጥ እያለፈ ነው ማለት ነው። በብሩሽና በሳሙና ውኃ አሹት።

ከሮቶ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆናችሁ ማሽኑ ከኋላ የውኃ ቱቦው የሚታሰርበት ቦታ ትንሽ ወንፊት አለች። ጭቃና ዝቃጭ ይይዛታል። ቧንቧውን ዘግታችሁ አውጧትና እጠቧት።

አራት፦ ትኩስ እጥበት

አሁን ነው ተራው የሙቀት። ማሽኑ ባዶ ይሁን። ያንን የኦክስጅን ማንጫ ያለበትን ዱቄት ለአንድ ሙሉ እጥበት በምትጠቀሙት መጠን ጨምሩ። ማለስለሻ አትጨምሩ። የጥጥ ልብስ ፕሮግራም ላይ 90 ዲግሪ ምረጡ፤ 90 ከሌለው 60። ከበሮ ማጽጃ የሚባል ፕሮግራም ካለው እሱን ተጠቀሙ። ፈጣን የሚባለውን ፕሮግራም አትንኩ፤ ኢኮ በሚለውም ላይ ውኃው ብዙ አይሞቅም።

ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ መብራት አስተማማኝ በሆነበት ሰዓት ጀምሩት። ውኃ ሲያሞቅ ወደ 2000 ዋት ይስባል፤ በቀጭን ኤክስቴንሽን አትሰኩት። በሩ ይግላልና ሕፃን ልጅ ካለ አርቁ።

ሲጨርስ ከበሮው ውስጥ አመድማ ቅርፊት ካያችሁ ከበሮው ጀርባ የተጋገረው እየለቀቀ ነው። ጠርጋችሁ አንድ ጊዜ ድገሙ። የእኔ ማሽን በሁለተኛው ነው ጥርት ያለው።

አሜሪካ ያላችሁ ማሽናችሁ 90 የሚል ላይኖረው ይችላል። አብዛኞቹ እዚያ የሚሸጡት ሙቅ ውኃ የሚወስዱት ከቤቱ ማሞቂያ ነው። ከበሮ ማጽጃ ፕሮግራሙን ተጠቀሙ፤ ከመጀመራችሁ በፊት የቅርቡን የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ሙቅ ውኃ እስኪመጣ አፍስሱት።

በረኪና ከበሮው ውስጥ ስለመድፋት ብዙ ትሰማላችሁ። እኔ አልመክርም። ከፊት በሚከፈቱት ብዙዎቹ ማሽኖች ከበሮውን ከኋላ የሚይዘው ሦስት ክንድ ያለው ብረት አሉሚኒየም ነው። በረኪና አሉሚኒየምን ይበላል። የማሽናችሁ መመሪያ ከፈቀደ ብቻ፣ በሚለው መጠን አድርጉት።

ስለ አቸቶና ቤኪንግ ሶዳ

ሁለቱን አንድ ላይ ጨምሩ የሚል ምክር በየቦታው አለ። ሲገናኙ ይፈላሉ፣ ያስደስታል። ግን አንዱ አሲድ ሌላው የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ተቀላቅለው ይጣፋሉ። የሚተርፈው በአብዛኛው ውኃና ትንሽ ጨው ነው። ከሱቅ ስትገዙ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ከቤኪንግ ሶዳ እንደሚለይ እወቁ። ፓውደሩ ስታርች አለበት፤ ማሽን ውስጥ አያስፈልግም።

አሲድ የሚጠቅመው ውኃችሁ ኖራ የሚያጋግር ከሆነ ነው። ድሬዳዋ ያለ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። የጉድጓድ ውኃ የሚጠጡ ሌሎች ሰፈሮችም እንዲሁ። ያ ነጭ ነገር ማሽኑ ውስጥም ይጋገራል፤ ሻካራ ስለሆነ ቆሻሻ ይይዛል። 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ከበሮው ውስጥ ጨምራችሁ በ60 ዲግሪ ባዶውን አሽከርክሩት። ይህን ከትኩሱ እጥበት በተለየ ቀን አድርጉት። አቸቶም ይሠራል፤ ነገር ግን በተደጋጋሚ ከሆነ ጎማውን ያዳክማል።

ከላይ የሚከፈት ከሆነ

ብዙዎቹ ማሞቂያ የላቸውም። ውኃ በማንቆርቆሪያ ወይም በድስት አሙቁና ከቀዝቃዛው ጋር ቀላቅላችሁ ደፉ፤ በጣም የሚፈላ አይሁን፣ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። 60 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ከበሮውን እስከ ላይኛው መጠን ሙሉ፣ ዱቄቱን ጨምሩ፣ አምስት ደቂቃ አሽከርክራችሁ አቁሙትና አንድ ሰዓት ይዘፍዘፍ። ከዚያ ያፍስስና ያለቅልቅ። የብናኝ መያዣ ከረጢቷን አውጥታችሁ ገልብጣችሁ እጠቡ። ከበሮው አናት ላይ፣ ከጠርዙ በታች ያለውን ክበብ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉ። እዚያ ጋ ነው ቆሻሻው የሚከማቸው።

ፍሳሹ

ሽታው ከፍሳሽ ከሆነ ቱቦው አቀማመጡ ሳይሳሳት አይቀርም። ቱቦው ከማሽኑ ተነሥቶ ከወለሉ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው ወደ ፍሳሹ መውረድ ያለበት። ወለል ለወለል ተጎትቶ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ውኃ ሳይታጠብበት ይፈስሳል፣ ሽታም ይመለሳል። ጫፉ ደግሞ ፍሳሽ ውኃ ውስጥ መጥለቅ የለበትም፤ አየር የሚያገኝበት ክፍተት ይኑረው። የወለሉ ፍሳሽ ሳይፎን (ውኃ ቋጥሮ ሽታ የሚያግደው ክፍል) ብዙ ቀን ካልተጠቀማችሁበት ውኃው ይደርቅና ሽታ ያሳልፋል። አንድ ጆግ ውኃ መድፋት በቂ ነው። ሳይፎን ጭራሽ ከሌለው ቧንቧ ሠራተኛ ያስገባላችሁ።

የሸተቱት ልብሶች

ማሽኑ ጸድቶ ልብሱ ካልጸዳ ሽታው ይመለሳል። ፎጣ፣ አንሶላና ነጭ የጥጥ ልብስ በ60 ዲግሪ በዚያው ዱቄት እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። ጥለት ያለው ነጠላና ቀሚስ ግን በረኪናም 60 ዲግሪም አይወድም። የእናቴን ነጠላ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳፋ ውስጥ ሁለት ጊዜ በእጄ አጥቤ፣ በብዙ ውኃ አለቅልቄ ነው ያዳንኩት። ሙሉ ቀን ነፋስ ላይ ዋለ።

ከዚህ በኋላ

አጥባችሁ እንደጨረሳችሁ ልብሱን ወዲያው አውጡ። ጎማውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በሩንና መሳቢያውን ክፍት ተዉት። ትንሽ ልጅ ካለ ግን ወደ ውስጥ እንዳይገባ አንድ ጣት ያህል ብቻ ገርበብ አድርጉና የመታጠቢያ ቤቱን በር ዝጉ። ሳሙና ቀንሱ። ሲለቀለቅ አረፋ የሚታይ ከሆነ በዝቷል። በወር አንድ ጊዜ ትኩሱን እጥበት፣ በወር አንድ ጊዜ ፊልተሩን።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ካልመጣ በታችኛው ቱቦ ውኃውን አፍስሱ። አብዛኛው ማሽን መብራት ከሌለ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሩ ይለቃል። ልብሱን አውጥታችሁ ሳፋ ውስጥ አለቅልቁት። ማሽኑ ውስጥ ያደረ ልብስ ማስጣት ብቻ አይበቃውም፤ እንደገና መታጠብ አለበት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ትኩሱን እጥበት ሦስት ጊዜ ደግማችሁ ካልጠፋ፣ ከበሮው ጀርባ ያለው ቆሻሻ በውኃ የሚለቅ አይደለም። ባለሙያ ከበሮውን አውጥቶ መፋቅ አለበት። ከመስማማታችሁ በፊት ከበሮው ማሽናችሁ ላይ የሚፈታ ዓይነት መሆኑን ጠይቁት፤ አንዳንዶቹ የውጪው ገንዳ በፋብሪካ የተጣበቀ ስለሆነ አይከፈትም። ሲፈታው አጠገቡ ቁሙና ያንን ሦስት ክንድ ያለውን ብረት አሳዩኝ በሉት። ዝጎ ወይም ተበልቶ ከተሰነጠቀ ማጽዳቱ ላይ ገንዘብ አታውጡ።